ድርቆሹን ማን ይቆጥራል?

ጎብኚው ኃላፊ ከመድረሱ በፊት ግቢው ይጠረጋል። ንድፉ በትልቅ ሸራ ላይ ታትሞ ይቆማል፣ ቢጫ ቆብ ይታደላል፣ ተቋራጩ ሥራው የደረሰበትን በመቶኛ ያስረዳል። ኃላፊው ሁለት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅና «በተያዘለት ጊዜ እንዲጠናቀቅ» መመሪያ ይሰጣል፤ ማታ በዜና እናየዋለን። በአገራችን የልማት ክትትል የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ለመንገድም፣ ለትምህርት ቤትም፣ ለስታዲየምም ሥርዓቱ አይለወጥም።

ለፈረስ ስፖርት ማዕከል ግን እንዲህ ያለው ጉብኝት ብዙም አይፈይድም። ያላለቀ ስታዲየም ዝም ብሎ ይቆማል፤ ብረቱ ቢዝግም ገንዘብ እስኪገኝ ይጠብቃል። ፈረስ አይጠብቅም። በጀቱ ተለቀቀም አልተለቀቀም ጠዋት ድርቆሽ ይፈልጋል፣ ሰኮናው ይቆረጣል፣ ሲታመም ሐኪም ይጠራለታል። ስለዚህ ብሔራዊ የፈረስ ስፖርት ማኅበር በየካ ክፍለ ከተማ ወይም በእንጦጦ ጋራ ላይ አዲስ ማዕከል ልገንባ ሲል፣ መንግሥት ከሲሚንቶው ይልቅ ድርቆሹን፣ ከግንቡ ይልቅ በሩን ይቆጣጠር እላለሁ። በሩን ስል ማን ይገባበታል ማለቴ ነው።

አካባቢው ለፈረስ እንግዳ አይደለም። ምኒልክ እንጦጦ ላይ በነበሩበት ዘመን ያን ዳገት መኳንንቱ የሚወጡትና የሚወርዱት በፈረስና በበቅሎ ነበር። ከተማዋ ወደ ፍልውሃ ከወረደች በኋላም ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ለጋሲዮኖች ሰፋፊ መሬት የተሰጠው በዚሁ በኩል ነው፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስሙን እስከ ዛሬ ይዞታል። በ1902 በእንግሊዝ ለጋሲዮን ግቢ የተወለደው ስመ ጥር ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ኮርቻ ላይ መቀመጥ የለመደው በልጅነቱ እዚያው፣ በእንጦጦ ግርጌ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ፈረሶች ይቀለቡበት የነበረው የየካው ሥፍራ ደግሞ ባልደራስ ይባላል። ዛሬ ባልደራስ ሲባል ሰው የሚያስበው ኮንዶሚኒየሙን ነው፤ አለዚያም በ2011 የፖለቲካ ስብሰባ የተደረገበትን አዳራሽ። የአካባቢው የመጀመሪያ የፈረስ ማዕከል ዕጣ ይህ ሆነ። ማንም በጥላቻ አላጠፋውም። ከተማዋ ቤት ፈለገች፣ ፈረሱ ተከራካሪ አልነበረውም።

ጃን ሜዳም ከዚህ የተለየ ታሪክ የለውም። ጉግስ የተገጠመበት፣ የፈረስ እሽቅድምድም የተካሄደበት፣ ሠራዊት የተሰለፈበት ሜዳ ነው። እሽቅድምድሙ ቀረ። ሜዳውን እስከ ዛሬ ያቆዩት ጥምቀትና ሯጮች ናቸው። በየዓመቱ ጥር 10 ታቦታቱ ይወርዱበታል፤ አገር አቋራጩም ስሙን ከሜዳው ወስዷል። ቢሆንም በሚያዝያ 2012፣ ኮሮና በገባ ማግስት፣ አትክልት ተራ ወደዚያ ሲዛወር የሜዳውን ይዞታ ጠቅሶ የተከራከረ የስፖርት ማኅበር አልሰማሁም። በወረርሽኝ ጊዜ ሰፊ ቦታ መፈለጉ አግባብ ነው፤ ውሳኔውን አልነቅፍም። የሽንኩርትና የጎመን ብስባሽ ሣሩን ከሸፈነው በኋላ ግን ሜዳውን ለማጽዳት የጥር 2013 ጥምቀት መቃረብ አስፈለገ። ነጋዴው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ፣ ወጣቱ አካፋ ይዞ ወጣ። ቀን ቆጥሮ ሜዳውን ያስመለሰው ታቦቱ እንጂ የስፖርት አስተዳደሩ አልነበረም።

በ2013 መጀመሪያ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ፈረስን ወደ ጋራው መልሷል። ወደ 1,300 ሄክታር በሚጠጋው በዚህ ፓርክ ከመዝናኛዎቹ አንዱ የፈረስ ግልቢያ ነው። ቅዳሜና እሑድ አባት ልጁን ኮርቻ ላይ አስቀምጦ ፎቶ ሲያነሳ ማየት ደስ ይላል። ስፖርት ግን አይደለም፤ መዝናኛ ነው፣ ራሱም ስፖርት ነኝ አላለም። እዚያው ጋራ ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩት እናቶች ጉዳይ ግን ለአዲስ ፕሮጀክት ትምህርት ይሆናል። ፓርኩ ሲመጣ የእነሱ ኑሮ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አልቀረም፤ በኋላ ከመካከላቸው በለሚ እንጀራ ፋብሪካ ሥራ ያገኙ አሉ። መልስ ተገኘ፣ ነገር ግን ከአጥሩ በኋላ። በ2011 የወጣው የመሬት ማስለቀቅ አዋጅ ቁጥር 1161 ለባለይዞታ የአንድ ዓመት ቅድመ ማስታወቂያ እንዲሰጥ ያዛል። ጭራሮ ለቃሚዋ ግን ባለይዞታ አይደለችም። ከጋራው ላይ የምትነሳው ያለ ካርታ ስለሆነ በአዋጁ ሚዛን አትቆጠርም። አዲስ ማዕከል ሲታጠር ተቆጣጣሪው በመጀመሪያ ሊያየው የሚገባ መዝገብ ቢኖር፣ በሕግ መዝገብ ላይ የሌሉት እነዚህ ሰዎች ዝርዝር ነው።

ወደ መሬቱ ልምጣ። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከጨረታ ውጭ በምደባ መሬት የሚሰጥባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል። ልዩ አገራዊ ፋይዳ ላለው ፕሮጀክት ከንቲባው ጉዳዩን ለካቢኔ አቅርቦ ሊያስወስን እንደሚችል ይደነግጋል። በአዲስ አበባ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለባህልና ለስፖርት የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 90 ዓመት ነው፤ ለንግድ የሚሰጠው 60። የ30 ዓመቱ ልዩነት እንዲያው የተጨመረ አይደለም፣ መንግሥት ለስፖርት የሚያደርገው ድጎማ ነው። ታዲያ በስፖርት ስም የተወሰደው ጋራ ከአምስት ዓመት በኋላ የሠርግ አዳራሽ፣ የእንግዳ ማረፊያና ክትፎ ቤት ሆኖ፣ ፈረሱ በር ላይ ለጌጥ ቢታሰር ማን ይጠይቃል? ግምቴ ክፉ ሊመስል ይችላል። ከእንጦጦ የሚታየውን የከተማ ገጽታ ያየ ሰው ግን የመሬቱን ዋጋ ሳያሰላ አይወርድም። ባለሀብቱም ያሰላል።

ችግሩ የሚጠነክረው ማኅበሩ መንግሥትም የግል ድርጅትም ባለመሆኑ ነው። ጠቅላላ ጉባኤና ሥራ አስፈጻሚ አለው፣ ሰርተፍኬቱን የሚያገኘው ከስፖርቱ ዘርፍ የመንግሥት አካል ነው፤ ዛሬ ያ አካል ባህልና ስፖርት ሚኒስቴር ነው። የፌዴራል የግዥ ሕግ የተጻፈው ግን ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው። ስለዚህ ማኅበሩ መሬቱን ከከተማ አስተዳደሩ፣ ገንዘቡን ከለጋሽና ከስፖንሰር ቢያገኝ፣ ተቋራጩን በምን ሁኔታ እንደመረጠ ለማወቅ የሚኬድበት መንገድ ይጠባል። ከተማው «የፌዴራል ማኅበር ነው» ይላል፣ ሚኒስቴሩ «መሬቱ የከተማው ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ክፍተቱ ያለውም እዚያው ነው።

ክፍተቱ ከፕሮጀክቱ መጠን ጋር ሲያድግ ምን እንደሚመስል ለማየት ከየካ መውጣት አያስፈልግም። በየካ ኮረብቶች ላይ ከ500 ሄክታር በላይ የያዘው የጫካ ፕሮጀክት ለብዙ ጊዜ ሲወራ የነበረው 49 ቢሊዮን ብር በሚል ዋጋ ነበር። በኅዳር 2015 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለተወካዮች ምክር ቤት ሲመልሱ፣ ሥራው ቤተ መንግሥት ብቻ ሳይሆን አንድ ከተማ መሆኑን፣ ወጪውም በመቶ ቢሊዮኖች ሊቆጠር እንደሚችል ተናገሩ። ገንዘቡ ምክር ቤቱ በሚያጸድቀው በጀት ውስጥ ስላልነበረ እንደራሴዎቹ ቁጥሩን የሰሙት ተወያይተው ካጸደቁ በኋላ አልነበረም። የፈረስ ማዕከል ከዚያ አንጻር ኢምንት ነው። ነገር ግን ከበጀት ውጭ የሚሠራን ሥራ ማን ይመረምራል የሚለው ጥያቄ በትልቁም በትንሹም አንድ ነው፤ በትንሹ ላይ መልስ መልመድ ደግሞ ይቀላል።

የአደይ አበባ ስታዲየም በተቃራኒው የመንግሥት በጀት ያለው፣ የሚጎበኝ፣ በምክር ቤት የሚጠየቅበት ሥራ ነው። በ2008 ሲጀመር የመጀመሪያው ምዕራፍ ውል ወደ 2 ቢሊዮን 470 ሚሊዮን ብር ነበር። በ2012 ለሁለተኛው ምዕራፍ የተፈረመው ከ5 ቢሊዮን ብር በላይ ሆነ፤ ከዚያም ሥራው ተጓተተ። ከ60 ሺሕ በላይ ተመልካች የሚይዘው ሜዳ ኃላፊ ሳያየው የከረመበት ዓመት የለም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ጉብኝትም እንደዚያው ነው። ኃላፊውን ቦታው ድረስ ያደርሰዋል፤ የዋጋ ማስተካከያውን፣ የውጭ ምንዛሪውን፣ የንድፍ ለውጡን መርምሮ ማስቆም ግን ሌላ ሥራ ነው፣ የሚሠራውም ቢሮ ውስጥ ከሰነድ ጋር በመታገል ነው።

ቁጥጥር ሲበዛ ጣልቃ ገብነት ይሆናል የሚሉ አሉ፤ ፍርሃታቸው መሠረት የለውም አልልም። በሐምሌ 2000 ፊፋ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንን ማገዱ ይታወሳል። በፌዴሬሽኑ አመራር ላይ የተነሳው ውዝግብ አገሪቱን እ.ኤ.አ. ከ2010ሩ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ውጭ አድርጓታል። ከዚያ በኋላ የስፖርት ማኅበራት መሪዎች ጥያቄ ሲበዛባቸው «ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ይቀጣናል» የሚል ጋሻ አግኝተዋል። መስመሩ ግን ያን ያህል አይጠፋም። ማን ሊቀመንበር ይሁን፣ ማን ቡድኑን ይምረጥ ብሎ መወሰን የጉባኤው ነው። በሕዝብ መሬት ላይ ምን ተሠራ፣ በስንት ተሠራ፣ ማን ይጠቀምበታል ብሎ መጠየቅ የመንግሥት ነው። ይህን ጥያቄ ስለጠየቀ አገርን የሚያግድ ፌዴሬሽን ካለ ስሙን ለመስማት እጓጓለሁ።

አሁን ወደ ፈረሱ። ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ስምንት የፈረስ ዓይነቶች ለይተዋል፤ የባሌው፣ የቦረናው፣ የሆሮው፣ የከፋው፣ በሐረር በኩል በቁንዱዶ ተራራ በዱር የሚኖረው ከእነዚህ መካከል ናቸው። ለግልቢያ የተመሰገነው የሰላሌ ፈረስ ደግሞ አገሩ ከእንጦጦ ጀርባ ነው። ጋራውን ወደ ሰሜን ከተሻገሩ ሱሉልታ፣ ከዚያ ወዲያ ሰላሌ። አንድ ጥያቄ ብቻ እንድጠይቅ ቢፈቀድልኝ የምጠይቀው ይህን ነበር፤ ጋጣው የሚሠራው ለየትኛው ፈረስ ነው? የአገራችን ፈረስ ቁመቱ አጭር ነው። በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ደንብ ከ148 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ፈረስ በሌላ ምድብ፣ ከትንንሾቹ ጋር ይመደባል፤ አብዛኛው የኛ ፈረስ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ «ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚገባ ትልቅ ፈረስ ማለት ይሆናል። ያ ፈረስ 500 ኪሎ ይመዝናል፤ በቀን ከ10 ኪሎ በላይ ደረቅ መኖ ይበላል። የኛው በግማሹ ይኖራል፣ ቁሩንም ለምዶታል። በንድፉ ላይ የተሣለው ጋጣ ስፋት ብቻ የማኅበሩን የአሥር ዓመት ወጪ ይናገራል፤ ሸራው ፊት የቆመው ኃላፊ ግን አይጠይቅም።

ድርቆሽ በጥቅምትና በኅዳር ከሱሉልታና ከሰላሌ በብዛት ይወርዳል፤ በግንቦትና በሰኔ ይወደዳል። በወቅቱ ገዝቶ የሚያከማችበት ደረቅ መጋዘን የሌለው ማዕከል ክረምት ሲገባ በነጋዴ እጅ ይወድቃል። ፉርሽካው፣ ፋጉሎው፣ ገብሱም እንደዚሁ። መጋዘን በጉብኝት ላይ አያምርም፣ ሪባን አይቆረጥበትም፤ በጀት ሲጎድል የሚሰረዘውም እሱ ነው። እኔ ተቆጣጣሪ ብሆን ከተመልካች መቀመጫው በፊት መጋዘኑ እንዲያልቅ እጽፍ ነበር።

በሽታም አለ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው፣ በጥቃቅን ነካሽ ዝንቦች የሚተላለፈው ገዳይ ሕመም በአገራችን ነዋሪ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። በሽታው ያለበት አገር ፈረስ ወደ አውሮፓ ለውድድር መውሰድ እጅግ ከባድ ነው፤ በፈረስ ሀብቷ የታወቀችው ደቡብ አፍሪካ እንኳ ኬፕ ታውን አካባቢ ከበሽታው ነፃ ቀጣና ከልላ፣ ያም ሆኖ የውጭ ገበያዋ በ2003 በወረርሽኝ ተዘግቶባታል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ግን ጋላቢዎች ከአገራቸው ሳይወጡ በአንድ ዓይነት የዝላይ መስመር የሚወዳደሩበትን መርሐ ግብር ከፍቷል። ለዚያ የሚያስፈልገው ደህና ተደርጎ የተደለደለና ውኃ የማይተኛበት የአሸዋ ሜዳ፣ ልኩ የታወቀ መሰናክልና የሠለጠነ ዳኛ ነው። የተገራ ፈረስ እንቅስቃሴ የሚዳኝበት የድሬሳዥ ሜዳም 20 በ60 ሜትር ነው። ከ1,200 ካሬ ሜትር አይበልጥም፤ ከአንዳንድ ባለሥልጣን ግቢ ያንሳል። በማዕከሉ ስም አሥርና ሃያ ሄክታር ሲጠየቅ ቀሪው ለምን እንደሆነ ጠያቂው ያስረዳ።

ለሜዳው ውኃ አለመተኛት የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ የእንጦጦ ቁልቁለት ያን ሁሉ ወደ ቀበና ይልካል። አንድ ፈረስ በቀን ወደ 20 ኪሎ ፍግ ይጥላል። 60 ፈረስ ማለት በየቀኑ ከአንድ ቶን በላይ ማለት ነው። ፍጉ ለታችኛው አትክልተኛ ከተሰጠ ሀብት ነው፤ በገደሉ ከተደፋ ሐምሌ ላይ ቀበና ውስጥ ይገኛል። ከተማው በ29 ቢሊዮን ብር ዕቅድ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ አለማለሁ ብሎ በታች ሲያጸዳ፣ በላይ በኩል በራሱ ፈቃድ ማቆሸሽ አይገባውም። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ከ1995 ጀምሮ አለ። ግምገማው ግንባታ ከተጀመረ በኋላ ፋይል ለማሟላት የሚጻፍ ከሆነ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

በሩ ያልኩት ቀርቶ ነበር። በአዊ፣ እንጅባራ፣ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን የሚያከብረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ጀምሮ አለ፤ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ዘመናዊ ጋጣ የለውም። እያንዳንዱ አባል ፈረሱን በየቤቱ ይቀልባል፤ ድርቆሹን የሚቆጥረው ባለቤቱ ነው፣ የሚሰርቀውም የለም። የሰላሌም የባሌም ፈረሰኛ እንደዚሁ ነው። እንግዲህ በየካ ጋራ ላይ ብሔራዊ የሚል ታፔላ የሚሰቅል ማዕከል ለእነዚህ ፈረሰኞች ምን ይሰጣል? የእንጅባራው ገበሬ ልጅ መጥቶ ዳኝነት፣ የሰኮና እንክብካቤ፣ የፈረስ ሕክምና ተምሮ የሚመለስበት ማደሪያ ከሌለው፣ የአባልነት ክፍያው በኤምባሲና በቦሌ ኪስ ልክ ከተቆረጠ፣ ያ ክበብ ነው። ክበብ መሆን ነውር የለውም። ክበብ ግን መሬቱን እንደ ማንም በጨረታ ይግዛ።

ጃፓኖች በቶኪዮ ሴታጋያ ያለውን የፈረስ ሜዳቸውን ያዘጋጁት እ.ኤ.አ. በ1940 ሊካሄድ ታስቦ ለቀረው ኦሊምፒክ ነበር፤ በ1964ቱ ተወዳደሩበት፣ ከዚያም በዘገየው የ2020 ውድድር ደገሙት። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ሜዳው ለሕዝብ ክፍት መናፈሻ ነበር፤ የሠፈሩ ሰው ልጁን ይዞ ይገባል፣ ፈረስ ያያል፣ ቼሪው ሲያብብ ከሥሩ ይቀመጣል። ኦሊምፒክ ባይመጣም ሜዳው ሥራ አልፈታም። የናይሮቢው ንጎንግም በፈረስ መሮጫው መሐል ጎልፍ እያጫወተ ወጪውን ይደጉማል። እኛ ዘንድ ጎልፉ ይቅር፤ ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ለሯጮች፣ ቅዳሜ ለየካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በነፃ የሚል አንቀጽ በሊዝ ውሉ ውስጥ ቢገባ ምን ይጎዳል? ውል ውስጥ ይግባ ነው የምለው። በምረቃው ንግግር ላይ ከሆነማ ሁልጊዜም ይገባል።

የተወካዮች ምክር ቤት የጤና፣ ማኅበራዊ ልማት፣ ባህልና ስፖርት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ እንዲህ ያለ ሥራ ሲደርሰው ቢጫውን ቆብ ትቶ ሦስት ወረቀት ያስቀርብ። አንዱ የሊዝ ውሉ ከነአገልግሎት አንቀጹ፣ ሌላው በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ፣ ሦስተኛው ከምረቃ በኋላ ያለው የአምስት ዓመት የመኖ፣ የሕክምናና የደመወዝ በጀት ከነምንጩ። ወረቀቶቹ በየካ ክፍለ ከተማ ሰሌዳ ላይ ይለጠፉ። ካልተለጠፉ በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል፤ ተጠያቂው መሥሪያ ቤትም በ30 ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሊዙ የከተማው ሰነድ ነውና ማመልከቻውን ማስገባት ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት አያስፈልገውም።